የሙሽሮች ጢስና የእኔ ትንፋሽ

እስከ አሥራ አንድ ዓመቴ ድረስ ተቀምጬ ነው ያደግሁት። ሌሎች ልጆች ተዘርግተው ሲተኙ እኔ ጀርባዬን ለግድግዳ ሰጥቼ፣ ጉልበቴን አቅፌ፣ አገጬን ወደ ላይ ቀና አድርጌ ነበር የማድረው። ጋደም ካልሁ ትንፋሼ ይቆረጣል። አሁን ገንዳ ውሃ ከተማ በአንድ ጤና ተቋም ካርድ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። በመስኮቴ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ እናቱ ጭን ላይ አንገቱን አስግጎ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የጎኑ ቆዳ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ሕፃን ባየሁ ቁጥር ብዕሩ ከእጄ ይወድቃል። ይህን የምጽፈው ለዚያ ሕፃን እናት ነው። ለእኔ እናት ማንም በጊዜ አልነገራትም።

ተወልጄ ያደግሁት መተማ ዮሐንስ፣ ድንበሩ ላይ ነው። አባቴን አላውቀውም፤ እኔ በሆድ ሳለሁ ለሥራ ወደ ሱዳን፣ ገዳሪፍ እንደተሻገረ ቀረ። እናቴ ውባለም ትባላለች፤ ሰው ግን «ውቤ» ነው የሚላት። የምትተዳደረው በጢስ ነበር። በእኛ ቆላ ሙሽራ ከሠርጓ በፊት፣ አራስም ከወለደች በኋላ ጢስ ትሞቃለች። ወለሉ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ይቆፈርና ፍም ይገባበታል፤ በፍሙ ላይ የወይባ እንጨት ይጨመራል። ሴቲቱ ቅባት ተቀብታ ጉድጓዱ አፍ ላይ ትቀመጣለች፤ እስከ አንገቷ በብርድ ልብስ ትሸፈንና ላብ በላብ እስክትሆን ትቆያለች። ሱዳኖቹ ዱኻን ይሉታል። ቆዳ ያለሰልሳል፣ ቀለም ያወጣል፣ ሽታው ሳምንት ሙሉ ከገላ አይጠፋም። እናቴ በዚህ ሥራ እጇ የተመሰገነ ነበር። ከማዶ ሳይቀር ሙሽሮች ይመጡላት ነበር።

ቤታችን ሁለት ክፍል ናት። ጉድጓዱ ያለው በጓዳው ነው። የእኔ አልጋ ከግድግዳው በዚህኛው ወገን ነበር። ግድግዳ ስል የማሽላ አገዳ ላይ የተለጠፈ ጭቃ ማለቴ ነው። ጭቃው በበጋ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ጢሱ ይገባል። አልጋዬ፣ ልብሴ፣ ፀጉሬ፣ የምጠጣው ውሃ ሳይቀር ወይባ ወይባ ይሸት ነበር። እኔ የእናቴ ጠረን ይመስለኝ ስለነበር እወደው ነበር።

ሕመሙ መቼ እንደጀመረኝ በራሴ አላስታውስም። እናቴ እንደነገረችኝ ጥርስ ሳላበቅል ጀምሮ ጉንፋን በያዘኝ ቁጥር ደረቴ ሲጥ ሲጥ ይል ነበር። ሦስት ዓመት ሲሞላኝ ያለ ጉንፋንም መምጣት ጀመረ። በግንቦት ከሱዳን በኩል አቧራውን እንደ ግድግዳ አቁሞ የሚመጣው ነፋስ፣ ሃቡብ የምንለው፣ ሲነሳ ይብስብኛል። ሰሊጥ በሚበጠርበት ወቅት ይብስብኛል። ሙሽራ በሚበዛበት በጥር ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ይህን ዛሬ ሳስበው በግልጽ ይታየኛል። ያኔ ግን ለማንም አልታየም።

ቆላ ውስጥ የታመመ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ወባ ነው። ስለዚህ የወባ መድኃኒት ዋጥሁ፣ አስመለሰኝ፣ ደረቴ ግን ማፏጨቱን አልተወም። ቀጥሎ እንጥሏ ወርዶ ነው ተባለ። እናቴ ያዘችኝ፤ እንጥል በመቁረጥ የሚታወቁ አንድ ሽማግሌ አፌን በእንጨት ከፍተው በጠማማ ብረት ቆረጡት። አራት ቀን ደም እየተፋሁ ምራቄን መዋጥ አቃተኝ። ከዚያ በኋላም ሲጥ ሲጥ እል ነበር። በኋላ አንድ መድኃኒት ቤት የሳንባ ምች ነው ብሎ መርፌ ጀመረልኝ፤ ሕመሙ በተነሳ ቁጥር መርፌ፣ በተነሳ ቁጥር መርፌ። መቀመጫዬ ደንድኖ ድንጋይ ሆነ። መርፌ የሚወጋውን ሰው ገና በር ላይ ሳየው ስለማለቅስ ማልቀሱ ትንፋሼን ይዘጋው ነበር።

የባሰው ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ያየኝ ሰው አክታዬን ሳያስመረምር «ይቺ ልጅ ሳንባ ነቀርሳ ነው ያለባት» አለ። ቃሉ ከእኛ ቀድሞ ሰፈር ደረሰ። ለወራት በየቀኑ ኪኒን ስውጥ የጎረቤት ልጆች ከእኔ ጋር እንዳይጫወቱ ተከለከሉ። የውሃ መጠጫዬ ለብቻ ሆነ። የእናቴ ደንበኞችም ቀሩ። ሙሽራ የምታስል ልጅ ያለችበት ቤት ምን ልትሠራ ትገባለች? እናቴ ጨነቃት፤ ሳሌ ወደ ውጭ እንዳይሰማ በአልጋዬ በኩል የነበረችውን ትንሽ መስኮት በጭቃ ደፈነቻት። የቤቱ ንጹህ አየር የሚገባባት ያቺ ብቻ ነበረች።

እናቴ ክፉ ሴት አልነበረችም። ሙሽራ ካልመጣ እራት የለም። ይህን ማወቅ አለባችሁ።

በዚያው ዓመት ወደ ጭልጋ በኩል ደጋው ላይ ወዳለ ጠበል ወሰደችኝ። አሥራ አምስት ቀን ቆየን። በአምስተኛው ቀን ጋደም ብዬ ተኛሁ። በአሥረኛው ቀን ከሌሎች ልጆች ጋር ዳገት ወጣሁ። እናቴ መሬት ስማ አለቀሰች። ቤት በተመለስን በሦስተኛው ቀን ግን ጉልበቴን አቅፌ ተቀመጥሁ። እናቴ «ምን በድዬ ነው?» እያለች ደረቷን ደቃች። ይህን የምለው ጠበሉን ለመንቀፍ አይደለም፤ ዛሬም እጠመቃለሁ። ነገር ግን እዚያ ሳለሁ ጢስ አልነበረም። ይህን ማንም ልብ አላለውም።

አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ፣ ጥር ውስጥ፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሦስት ሙሽሮች ተራ ይጠብቁ ነበር። አንዷ ጉድጓዱ ላይ ተቀምጣለች፣ ሁለቱ ከነሚዜዎቻቸው በዚህኛው ክፍል፣ እኔ ካለሁበት፣ እየሳቁ ቅባት ይቀባባሉ። ጠዋት የጀመረኝ ሲጥ ሲጥታ እየጠበበ ሄደ። ያልታመመው ሰው የማይገባው ነገር አለ፤ ችግሩ አየር ማስገባቱ ላይ ብቻ አይደለም፣ የገባው አይወጣም። ደረት እንደተነፋ ፊኛ ይወጠራል፣ ሌላ ትንፋሽ የሚገባበት ቦታ ይጠፋል። «እምዬ!» ብዬ ልጣራ ስል ድምፅ የለኝም። በጓዳ በኩል እናቴ ለሙሽራዋ «ትንሽ ቻይ የኔ ዓለም፣ አሁን ነው የሚያምርብሽ» ስትል እሰማታለሁ። እጄን አነሳሁ፤ ከሚዜዎቹ አንዷ የምጫወት መስሏት እጇን አወዛወዘችልኝ።

ማፏጨቱ ቆመ። ያን ጊዜ የተሻለኝ መሰለኝ። ዛሬ ለእናቶች ከሁሉም አስቀድሜ የምነግራቸው ይህንን ነው፤ በጭንቅ ላይ ያለ ልጅ ደረቱ ድንገት ዝም ካለ ተሻለው አትበሉ። አየር መመላለሱን ትቷል ማለት ነው።

ተንፏቅቄ የጓዳውን መጋረጃ ሳብሁት። ያየችኝ ጉድጓዱ ላይ የነበረችው ሙሽራ ናት። «ኧረ ውቤ! ልጅቷ ጠቁራለች!» ብላ ብርድ ልብሱን ጥላ ራቁቷን ተነሳች። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የእናቴን ትከሻ ነው። ስትሮጥ አገጬ ትከሻዋ ላይ ይነጥር ነበር፣ ነጠላዋ ወይባ ወይባ ይሸታል።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ሲስተር እታገኝ የምትባል ነርስ አገኘችን። ከሌላ ቦታ ተዛውራ ከመጣች ወር አልሞላትም ነበር። በደም ሥሬ ቀስ እያለ የሚገባ መርፌ ሰጠችኝ፤ አንድ ጊዜም ፊቷን ሳታዞር መርፌውን እየገፋች «አታልቅሺ፣ ከእኔ ጋር አብረሽ አስወጪ፣ እፍ፣ እፍ» ትለኝ ነበር። ትንሽ ተነፈስሁ። ከዚያ እናቴን «ይህ ቲቢ አይደለም። አስም ነው» አለቻት። «እዚህ ኦክስጅን የለንም። ዛሬውኑ ጎንደር መድረስ አለባት።»

አምቡላንስ የለም፤ አውቶቡሱ ጠዋት ወጥቷል። ሲስተር እታገኝ ራሷ መንገድ ላይ ወጥታ ሰሊጥ የጫነ መኪና አስቆመች። ሾፌሩ ሲጋራ ያጨስ ነበር። እናቴ ጋቢናው ውስጥ ከገባች በኋላ ለመናገር ፈርታ ጭሱን ከፊቴ ላይ በነጠላዋ ታራግባለች። እሱ አየት አደረጋት፣ አንዴ እኔን አየ፣ ሲጋራውን በመስኮት ወረወረው። ጥቂት ሄዶ የቀረውን ፓኮም ወረወረው። እስከ ጎንደር አንድም አላጨሰ። በየዳገቱ ብቻ «አለች?» ይላል፤ እናቴ «አለች» ትላለች። ያ መንገድ እንደዛሬው አስፋልት አልነበረም። ስንት ጊዜ «አለች?» እንዳለ አላውቅም። ስሙን ሳንጠይቀው ተለያየን።

ጎንደር በጭንብል የሚሰጥ እንደ እንፋሎት ያለ መድኃኒት አስተነፈሱኝ። በማግስቱ አንድ ወጣት ዶክተር አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጥያቄ ጀመረ።

«እናቴ፣ ምን ሥራ ነው የሚሠሩት?»

እናቴ ዓይኗን ሰበረች። «ጠላ ነው የምሸጥ» አለች።

ሐሰት ነበር። ለምን እንደዋሸች ዛሬ ይገባኛል፤ ዶክተሩ ምን ሊል እንደሆነ ልቧ ሳይነግራት አልቀረም። እኔ ግን ሕፃን ነበርሁ። ጭንብሉን ከፍ አድርጌ «ጢስ ነው የምትሠራው። ሙሽሮች ታጨሳለች፣ እኔ አጠገብ» አልሁ።

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። ያንን አስተያየት እስካሁን አልረሳሁትም።

ዶክተሩ አልተቆጣም። ወረቀት ላይ የትንፋሽ ቧንቧ ሣለና አስረዳት። የዚህ ሕመም ዝንባሌ ከዘር ሊወረስ ይችላል፤ እሱ የማንም ጥፋት አይደለም። ነገር ግን ዝንባሌው ያለበት ሕፃን ከማህፀን ጀምሮ ጢስ ውስጥ ካደገ፣ ቧንቧው ሁልጊዜ እንደቆሰለ ይኖራል፤ ያበጠው ቧንቧ በአቧራው፣ በጉንፋኑ፣ በማንኛውም ሽታ ይዘጋል። «ይህቺን ልጅ ይዘው ሲመለሱ ያ ቤት መጤስ የለበትም» አላት። ከዚያ እንደ ተራ ጥያቄ «ሌላ ልጅ አለዎት?» ብሎ ጠየቀ።

«አንድ ነበረኝ» አለች እናቴ። «ከሷ በፊት። ጌትነት ይባላል። በሁለት ዓመቱ ሞተ።»

«በምን?»

«ዓይን ነው ያሉኝ። ሳል ይበዛበት ነበር። ሲጥ ሲጥ...» ብላ አልጨረሰችውም።

ወንድም እንደነበረኝ የሰማሁት ያን ቀን ነው። እናቴ ተነስታ ወጣች። ተኝቼ በሩን አያለሁ። ምሳ መጣ፣ እሷ አልመጣችም። ጥላኝ የሄደች መሰለኝ፤ ስለተናገርሁ። አጠገቤ ያለች አስታማሚ ውሃ እያጎነጨች «ትመጣለች፣ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች» አለችኝ። አመሻሽ ላይ ገብታ እግሬ ሥር ተቀመጠች።

ቤት ስንገባ ጉድጓዱን በአፈር ሞላችው፣ የደፈነችውን መስኮት በመጥረቢያ ጀርባ አፈረሰችው። ያንን በማድረጓ ተራብን። በሰው ሠርግ ሰሞን ሙሽሮቹ በራችን ላይ ቆመው ሲለምኗት እምቢ ትላለች፤ ሌላ ሴት ሥራውን ወሰደችው። እናቴ ሰሊጥ ማበጠሪያ መጋዘን ገባች። ማታ ስትመለስ አቧራው ልብሷ ላይ ነው፤ ታቅፈኛለች፣ እኔ ይዘጋኛል። ሲስተር እታገኝ ልብሷን ውጭ ቀይራ እንድትገባ እስክትነግራት ድረስ አንድ ወር ሙሉ ምን እንዳደረግን ሳናውቅ ተሰቃየን። ነርሷ ሌላም ነገር አስተማረችን። የሚነፋውን መድኃኒት፣ ፓፍ የምንለውን፣ ልጅ በአፉ በቀጥታ ሲነፋው አብዛኛው ጉሮሮው ላይ ይቀራል። የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጡን በፓፉ አፍ ልክ ቀደደችና ከወዲያ ነፍታ ከወዲህ በቀስታ እንድተነፍስ አሳየችኝ። ሁለት ዓይነት ነበር፤ አንዱ ሲያፍነኝ ብቻ፣ ሌላው ደህና ብሆንም በየቀኑ። ቧንቧውን የሚያድነው የየቀኑ ነው። እኛ ግን ሲሻለኝ እንተወው ነበር፤ ስንተወው ይመለሳል።

ችግሩ ሲበረታ አንድ ቀን እናቴ ባዶ ማሰሮ እያየች «ያን ቀን ዝም ብትይ ምን ነበረበት?» አለችኝ። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። የመለስሁላትን ሳስበው እስካሁን ምላሴን መንከስ ያምረኛል።

«ጌትነትንም ጢስሽ ነው የገደለው» አልኋት።

አልመታችኝም። ማሰሮውን አስቀምጣ ወጣች። ከዚያ በኋላ አብረን ኖርን፣ በላን፣ ጠጣን፤ ነገር ግን ስለዚያ ነገር ለዓመታት አንድም ቃል አልተነጋገርንም። ሕመሜ እየተሻለኝ ሄደ። የእሷ ፊት ግን እንደጠቆረ ቀረ።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ላይ ዳኛቸው የሚባል የትራክተር ሾፌር አገባሁ። ቋራ ውስጥ፣ ከገለጉ ከተማ ራቅ ብሎ ባለ ሰፊ የሰሊጥ እርሻ ላይ ተቀጥሮ ስለነበር ካርድ ክፍል ከመግባቴ በፊት አብሬው እዚያ ኖርሁ። ቆርቆሮ ቤት ነው፤ ክረምት ሲገባ ግድግዳው በሻጋታ ይጠቁራል። ዳኛቸው ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ያጨሳል፣ ዝናብ ሲሆን ደግሞ ቤት ውስጥ ያጨሳል።

አረገዝሁ። የእርሻው ወጥ ሠሪ፣ ብዙ የወለደች የተከበረች ሴት፣ ፓፉን እጄ ላይ ስታየው ደነገጠች። «አንቺ ልጅ፣ ይኸ ነገር እኮ ጽንሱን ያደርቀዋል። ተይው!» አለችኝ። ለልጄ ስል ተውሁት። ወጥ ሠሪዋ ክፉ አስባ አልነበረም። እኔም ክፉ አላሰብሁም። ለልጅ ተብሎ የሚሠራ ስህተት ስንት ነው!

በሰባተኛው ወር፣ ነሐሴ ውስጥ፣ ዝናብ በሚያወርድበት ቀን አፈነኝ። የተውሁትን ፓፍ ፈልጌ ብነፋው አልቆ ኖሯል። ዳኛቸው ትራክተሩን አስነሳ፣ ወጥ ሠሪዋ ተጎታቹ ላይ ከኋላዬ ተቀምጣ ደገፈችኝ፣ ሸራ ሸፈኑን። ጥቁር አፈሩ ጎማውን ይውጠዋል። ግማሽ መንገድ ላይ ሰመጠ። ለአረም የመጡ ደገኞች ነበሩ፤ ከጎጃም፣ ከወሎ። ስምንት አሥር ሆነው ጭቃው ውስጥ ገቡ፤ ቅርንጫፍ እየቆረጡ ከጎማው ሥር ያነጥፋሉ፣ በትከሻቸው ይገፋሉ። አንዱ በየመሀሉ ወደ ሸራው ጎንበስ እያለ «አይዞሽ እታለም፣ ደረስሽ» ይለኛል። እኔ ሆዴን ይዤ የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ እኔ አየር ካጣሁ እሱም አጥቷል። ሆዴ ውስጥ ያለው መንቀሳቀስ ካቆመ ስንት ሰዓት ሆነው? ወጥ ሠሪዋ ጆሮዬ ላይ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ እኔ ነኝ» እያለች ታለቅስ ነበር። ይቅር እንዳልኋት ልነግራት ፈለግሁ፤ የምናገርበት ትንፋሽ ግን አልነበረኝም።

ገለጉ ደረስን። አስተነፈሱኝ። የልጄን የልብ ምት ፈልገው እስኪያገኙት ድረስ የቆየው ጊዜ ከሕይወቴ ሁሉ ረጅሙ ነው። የመረመረችኝ አዋላጅ በግልጽ ነገረችኝ፤ ለጽንሱ የሚያሰጋው መድኃኒቱ አይደለም፣ ያልታከመው አስም ነው። እናት ስትታፈን ልጅ ይታፈናል፤ ያለ ጊዜው ሊወለድ ይችላል፣ ያለ ጊዜው የተወለደ ደግሞ ሳንባው ገና ስለሆነ እሱም ለዚሁ በሽታ ይቀርባል። ደጋግሜ አስደገምኋት።

እንደተባለውም ሆነ። ልጄ በስምንተኛው ወር፣ ከገለጉ በተላክሁበት በገንዳ ውሃ ተወለደች። በአንድ መዳፍ የምትያዝ ነበረች። ሰው ሁሉ ፊቱን አዙሮ ይተክዝ ነበር፤ የስምንት ወር ልጅ አታድግም ይባላል። ቀንም ሌትም ገላዬ ላይ ለጥፌ ያዝኋት። እናቴ ከመተማ መጥታ ተቀበለችኝ። ሲስተር እታገኝም ያኔ ወደ ገንዳ ውሃ ተዛውራ ነበርና ፀጉሯ ሸብቶ አገኘኋት። «አስም እንዳይይዛት ማድረግ ትችያለሽ ብዬ አልዋሽሽም» አለችኝ። «ከአንቺ ወርሳ ከሆነ ወርሳለች። ዕድሉን ማሳነስ ግን በእጅሽ ነው። ስድስት ወር ጡት ብቻ። ክትባቷን አንድም አታሳልፊ። ለተራ ጉንፋን መርፌ አታስወጊ። ጢስ የሚባል፣ የከሰልም ይሁን የሲጋራ፣ ልጅቷ ባለችበት አይግባ።» ዳኛቸውን ደግሞ ዞር ብላ «ውጭ አጭሰህ ብትገባም ልብስህ ላይ ይገባል» አለችው። አንገቱን ደፋ። ተወ፣ አጨዳ ላይ መልሶ ጀመረ፣ አሁን እንደገና ትቷል። ሸሚዙን ሳይቀይር ግን ልጅቷን አቅፎ አያውቅም።

ገንዳ ውሃ በተከራየናት ቤት አራስ ሳለሁ፣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ የዳኛቸው እናት ከአብርሃ ጅራ ከተማ መጡ። አንድ እስር የወይባ እንጨት ይዘዋል። «አራስ ያለ ጢስ ወገቧ አይጠናም» አሉና ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው ጠሩ። እኔ ደካማ ነበርሁ፤ አማቴን እምቢ ማለትም ነውር መሰለኝ። አልጋዬ ላይ ሆኜ ማልቀስ ጀመርሁ።

እናቴ ተነሳችና በሩ ላይ ቆመች።

«አይጤስም» አለች።

«ምነው ውቤ? ይኸው ሥራሽ አልነበረም እንዴ?» አሉ አማቴ ገርሟቸው።

«ነበረ እሜቴ። አሥራ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። እጄን አመስግነውኝ ነበር። ሁለት ልጅ አጭሼበታለሁ። አንዱን ቀብሬዋለሁ። ይቺኛዋን ቀብሬ ከመመለሴ በፊት አንዲት ነርስ ያዘችኝ። ሦስተኛ አይኖረኝም። እንጨቱን ይዘው ይሂዱ ብዬ አልነዳዎትም፤ አብረን ቡና እንጠጣለን። ግን በእኔ ሬሳ ላይ ካልሆነ በቀር እዚህ ቤት አይጤስም።»

አማቴ እንጨቱን ከቤት አውጥተው አጥር ጥግ ጣሉትና ተመልሰው አጠገቧ ተቀመጡ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አለቀሰች። ተነስቼ እንዳልይዛት ልጄ ደረቴ ላይ ነበረች። «እምዬ፣ ያን ቀን ያልሁሽን...» ስል እጇን አንስታ አስቆመችኝ። «እውነት ነው ያልሽው። ብቻ ልጅ ነበርሽ፣ እንዴት እንደሚነገር አታውቂም» አለችኝ።

ልጄ አሁን አራት ዓመቷ ነው። ሁለት ጊዜ በጉንፋን ምክንያት ደረቷ አፏጭቷል። መጀመሪያ የሰማሁት ቀን አቅፌያት ወደ ጤና ተቋሙ ሮጥሁ። ሲስተር እታገኝ ሕፃን ባፏጨ ቁጥር አስም ነው እንደማይባል፣ ብዙዎቹ እያደጉ እንደሚተዉት፣ ትንሽ ከፍ እስክትል በእርግጠኝነት መናገር እንደማይቻል ነገረችኝ። ስለዚህ አናውቅም። ሳናውቅ መጠበቅን እየተማርሁ ነው። እኔ ራሴ የየቀን መድኃኒቴን አላቋርጥም፤ እኔ ከወደቅሁ ልጄም አብራኝ ትወድቃለች።

አግዳሚ ወንበሩ ላይ ያለሽው እናት፣ ልጅሽ በሌሊት ወይም ሲሮጥ የሚያስል፣ በጉንፋን ቁጥር የሚያፏጭ ከሆነ «አስም ይሆን?» ብለሽ አንቺው ጠይቂ። ኪኒኑና መርፌው ሲደጋገም ዝም አትበይ። ሥራሽን ሲጠይቁሽ እውነቱን ተናገሪ። ማንም ሊፈርድብሽ አይደለም።

እናቴ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። ፀሐይ ስትጠልቅ ልጅቷን ጭኗ ላይ ታስቀምጥና ጆሮዋን ጀርባዋ ላይ አስጠግታ ታዳምጣለች። ልጅቷ እየተቁነጠነጠች «አያቴ፣ ደረቴ ምን ይላል?» ትላታለች። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ደጋግማ ታዳምጥና፣ ቀና ስትል እኔን ነው የምታየኝ።

«ደህና ይተነፍሳል» ትላለች። ያን ጊዜ ነው እኔም የምተነፍሰው።